በዊክሶል ረግረግ መሮጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝና ዌልስ ድንበር ላይ ስላለው ረግረግና ስለ ሩጫ መንገዶቹ፣ ብሪታንያ ያሉ የእኛ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስበናል።

ቦታው በትክክል የት ነው?

ሙሉ ስሙ የፌንስ፣ የዊክሶልና የቤቲስፊልድ ረግረጎች ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እዚህ ለአጭሩ ዊክሶል እንለዋለን። ከፊሉ እንግሊዝ ውስጥ ሽሮፕሺር ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ዌልስ ውስጥ ሬክሳም ነው። ስፋቱ 950 ሄክታር ገደማ ይሆናል። በብሪታንያ ካሉት የዚህ ዓይነት ቆላማ ረግረጎች በስፋት ሦስተኛው ነው።

የእንግሊዙን ወገን ናቹራል ኢንግላንድ ያስተዳድረዋል፣ የዌልሱን ናቹራል ሪሶርስስ ዌልስ። በአንድ ሩጫ ሁለት አገር ትረግጣላችሁ ማለት ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው ሰው ድንበር መሻገሩን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል።

ረግረግ ከሆነ እንዴት ይሮጥበታል? አያሰምጥም?

የምትሮጡት ረግረጉ ላይ አይደለም፤ ረግረጉን አቋርጠው በሚያልፉ መንገዶች ላይ ነው። አንደኛው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሠርቶ በ1965 የተዘጋ የባቡር መስመር የነበረበት ነው። ሐዲዱ ተነሥቷል፣ መደቡ ግን አለ። ሌሎቹ ፒት ቆፋሪዎች ጭነት ያመላልሱባቸው የነበሩ ጎዳናዎች ናቸው። አንዳንድ ቦታ ላይ የጣውላ መረማመጃ አለ። የላንጎለን ካናል የሚባለው ሰው ሠራሽ የጀልባ መተላለፊያ ቦይም ረግረጉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የካናሉ ዳር መንገድ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል።

ፒት የምንለው ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ክብደቱም አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ሜትር ውፍረት ለመድረስ ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ከአንድ ሜትር በብዙ የሚበልጥ ጥልቀት አለው። መንገዱ ከእግራችሁ ሥር እንደ ፍራሽ ሲነጥር ከተሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ካናሉን የሠሩት ሰዎችም ይህ መሬት አስቸግሯቸዋል። ከ1800ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ድረስ፣ የካናሉ ዳርቻ በሰመጠ ቁጥር አፈር እየሞላ የሚያነሣ የሠራተኛ ቡድን በቋሚነት ተቀጥሮ ነበር። 160 ዓመት ገደማ አንድ ካናል ሲደግፉ ኖሩ። በኋላ ዳርቻው በብረት ሲጠናከር ነው ሥራው የቀረው።

መግቢያ ይከፈላል? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ክፍያ የለም። ምልክት በተደረገባቸው መንገዶች ላይ ብቻችሁን ወይም ከጓደኛ ጋር ለመሮጥ ፈቃድ አያስፈልግም። ከመንገዱ ወጥቶ ረግረጉ ውስጥ መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን አታስቡት። ሻይ ቤትና መጸዳጃ ቤትም አትጠብቁ። ጉዳያችሁን ከተማ ጨርሳችሁ ኑ።

ያለ መኪና እንዴት እደርሳለሁ?

ከክሩ ወደ ሽሩዝበሪ በሚሄደው የባቡር መስመር ዊትቸርች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ትወርዳላችሁ። ትኬት ስትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ። ብሪታንያ ውስጥ ዊትቸርች የሚባል ጣቢያ ሌላም አለ፤ አንዱ ሃምፕሺር ነው፣ አንዱ ካርዲፍ ነው። የእናንተዋ የሽሮፕሺሯ ናት። ቅዳሜ ጠዋት በስህተት ሃምፕሺር መገኘት አይመከርም።

ረግረጉ ከዊትቸርች በስተ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ማይሎች ይርቃል። ታክሲ መያዝ ይቻላል። ሩጫው ለረጅም ቀን የታቀደ ከሆነ ግን ከከተማው ጀምሮ የካናሉን ዳር ተከትሎ መሄድ የተሻለ ነው፤ ወደ ኤልስሜር አቅጣጫ ያዙ። ካናሉ ራሱ ይመራችኋል፣ መጥፋት ይከብዳል። በመኪና የምትመጡ ካናሉ ዳር ሞሪስ ብሪጅ አጠገብ ማቆሚያ አለ።

ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?

ሶሉ ጥርስ ያለው የትሬል ጫማ። ውሃ የማያስገባ የሚባለውን አልመክርም። እዚህ ውሃው የሚገባው በጫማው ቆዳ ሳይሆን ከላይ በቁርጭምጭሚት በኩል ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ ያ ጫማ መልሶ አያስወጣውም። ቶሎ የሚያፈስ ቀለል ያለ ጫማ በቀጭን የሱፍ ካልሲ ይሻላል። ጥጥ ካልሲ እርጥብ ሲሆን ይሸበሸብና እግር ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል። ሶሉ ውስጥ የካርበን ሳህን ስላለው የአስፋልት ውድድር ጫማችሁ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት ይቀመጥ።

ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋችሁ ሁለቴ እሰሩ። ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ቀነኒሳ በቀለ እንኳ በ2008 ኤድንብራ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ውድድሩ መጀመሪያ ላይ ከኋላው ተረግጦ ጫማው ወልቆበታል። ቆሞ አጠለቀና ተከታትሎ ደርሶ አሸነፈ። እኛ ቆመን ብናጠልቅ የምንደርስበት ሰው ላይኖር ይችላል።

ለምንድነው እዚህ ስሮጥ እንዲህ የምዘገየው?

ለስላሳ መሬት ጉልበት ይበላል። አስፋልት ላይ ስትረግጡ መሬቱ ይመልሳችኋል። ፒት ላይ ግን የእርምጃችሁ ጉልበት ከፊሉ መሬቱ ውስጥ ይቀራል። አሸዋ ላይ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው፣ በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ ከጠንካራ መሬት 1.6 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ፒት አሸዋ አይደለም፤ ነገሩ ግን ወደዚያ ያደላል።

ዊክሶል ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ሳንባው እፎይ ይላል። እግሩ ግን ይማረራል፤ በተለይ ባትና የተረከዝ ጅማት። ስለዚህ የመጀመሪያ ሦስት አራት ሩጫዎቻችሁ አጭር ይሁኑ። በኪሎ ሜትር የምትሮጡበትን ፔስ እርሱት፣ በደቂቃ ለኩ። “አንድ ሰዓት ሮጥኩ” ይበቃል። ሰዓታችሁ ቅር ይለው ይሆናል፣ ይበለው።

የእኛ አትሌቶች ይህን ከድሮም ያውቁታል። እንጦጦና ሰንዳፋ ጫካ ገብተው በዛፎች መካከል ዚግዛግ እየሠሩ ቀስ ብለው የሚሮጡት ፔስ ጠፍቷቸው አይደለም። አስፋልት፣ ኮሮኮንችና ጫካ እያፈራረቁ ሲሠለጥኑ የጫካው ድርሻ እግርን ማሳረፍና ቁርጭምጭሚትን ማጠንከር ነው። ዊክሶልን እንደ ጫካው ቀን ቁጠሩት።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ለእኔ ሜይና ጁን። ነጭ ጥጥ የመሰለ ራስ ያለው የረግረግ ሣር ሜዳውን ሙሉ ይሸፍነዋል። ቀኑ ረጅም ነው። መንገዱም ከሞላ ጎደል ይደርቃል። ኦገስት ላይ ሐምራዊው ሄዘር ያብባል፣ ትንኙም አብሮ ይበዛል። ክረምት ላይ ውሃ የማይተኛበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ዲሴምበር ላይ በእንግሊዝ ሰዓት አራት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከምሳ በኋላ የሚጀመር ሩጫ በዚያ ወር አይታሰብ።

መንገዱ ላይ ውሃ ቢተኛ በጎን ልዙር ወይስ ልግባበት?

ግቡበት። ሰው የማይወደው መልስ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ።

በጎን ስትዞሩ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ መንገዱ ሥር ጠንካራ መደብ አለ፣ ከመንገዱ ጎን ግን የለም። ጭቃ ሸሽቶ በጎን መውጣት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ እዚህ ቃል በቃል። ሁለተኛው የቦታው ጉዳይ ነው። ዛሬ አንዱ በግማሽ ሜትር ይዞራል፣ ነገ ሌላው የእሱን ዱካ ሸሽቶ ሌላ ግማሽ ሜትር ይጨምራል። በአንድ ክረምት ጠባቡ መንገድ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። የረገጣችሁት ስፖንጅ የሚመስል ለስላሳ ተክል ስፋግነም ይባላል፤ ረግረጉን የሚሠራው እሱ ነው። ከተረገጠ በኋላ ለማገገም ጊዜ ይወስድበታል።

አገባቡን በተመለከተ፦ ፍጥነት ቀንሱ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ የመንገዱን መሐል ያዙ። ውሃው ከጉልበት በላይ ከመሰላችሁ ወይም ሥሩ ካልታያችሁ ተመለሱ። መመለስ ነውር የለውም።

የጣውላው መረማመጃ ላይ እንዴት ልሩጥ?

ደረቅ ከሆነ እንደ ልባችሁ። እርጥብ ከሆነ ተራመዱ። እርጥብ ጣውላ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅላል፣ እሱ ላይ የጫማ ጥርስ ዋጋ የለውም። በላዩ የሽቦ መረብ ከተመታበት ትንሽ ይሻላል። ከፊት ለፊት ሰው ከመጣ ቁሙና አሳልፉት፤ ዝቅ ብሎ ለመዞር አትሞክሩ።

እባብ አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በብሪታንያ ያለው ብቸኛ መርዛማ እባብ የእፉኝት ወገን ነው፣ እንዲህ ያለውን ቦታም ይወዳል። ጀርባው ላይ የተጠማዘዘ ጥቁር መስመር አለው። ፀደይ ላይ ፀሐይ ለመሞቅ መንገድ ዳር ወይም የደረቀ ሣር ላይ ይጋደማል። የእግር ንዝረት ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይሸሻል። የሚነድፈው ሲረገጥ ወይም ሰው ሊይዘው ሲሞክር ነው። ቆማችሁ አሳልፉት፣ ፎቶ ከፈለጋችሁም ከሩቅ።

ቢነድፍስ? አትሩጡ። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅሱ ተቀመጡና 999 ደውሉ። ሰዓትና ቀለበት አውልቁ፣ እብጠት ይመጣልና። በጨርቅ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ አገር ቤት የሰማነው ሁሉ እዚህ ይቅር። ጉዳት ይጨምራል። በብሪታንያ በእባብ ንድፊያ መሞት እጅግ ብርቅ ነው። ሆስፒታል መሄድ ግን ግዴታ ነው፣ ቀላል ቢመስልም።

ከእባብ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ?

መዥገር። በእኔ ግምት ከእባቡ ይልቅ ልትጨነቁበት የሚገባው እሷ ናት፤ ግን ስለማታስፈራ ማንም አይጠይቅም። ረጅም ሣር ላይ ትጠብቃለች፣ እግር ላይ ትወጣለች፣ ሳያማችሁ ትጣበቃለች። አንዳንዷ “ላይም” (Lyme) ተብሎ የሚጠራውን በሽታ ታስተላልፋለች።

ቤት ስትገቡ ገላችሁን ፈትሹ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የፀጉር ጠርዝ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ቆዳ አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አይሠራም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የተነከሰው ቦታ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ቅላት ካያችሁ ወይም የጉንፋን ዓይነት ስሜት ከያዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩ። በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ረጅም ካልሲ ወይም ታይት ማድረግ ብዙውን ይከላከላል።

የረግረጉ ውሃ ይጠጣል?

አይጠጣም። ሻይ የመሰለው ቀለም ከዕፅዋቱ የሚወጣ አሲድ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ቢሆንም ለመጠጥ የተጣራ ውሃ አይደለም። ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ውሻዬን ይዤ መሮጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በማሰሪያ። እንግሊዝ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ያልታረሰ መሬት ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻን አጭር ማሰሪያ ላይ መያዝ ሕግ ነው። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ እንደ ከርሊው ያሉ ወፎች መሬት ላይ እንቁላል ጥለው ይታቀፋሉ። ውሻው ባይነክሳቸውም እናቲቱ ደንግጣ ከተነሣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። በሌላውም ወር ማሰሪያውን አትፍቱ ባይ ነኝ። ውሻ ቦይ ውስጥ ቢገባ ማን ያወጣዋል?

ብቻዋን ለምትሮጥ ሴት ደኅና ነው?

ቦታው ጭር ያለ ነው። ለአንዳንዷ ይህ ዋናው ደስታ ነው፣ ለሌላዋ ዋናው ስጋት። ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ የካናሉ ዳር መንገድ ጀልባዎችና ተራማጆች ስላሉበት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጣ ሴት ከዚያ ብትጀምር ጥሩ ነው። የጆሮ ማዳመጫን በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ወይም ጭራሽ መተው። እዚህ የሚሰማው ወፍ ከስልክ ዘፈን አይተናነስም።

ለወንዱም ለሴቷም የሚሠራ ምክር ይኸውና። የትኛውን መንገድ እንደምትይዙና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። የስልክ ሲግናል ሊደክም ይችላል፤ ለመደወል የማይበቃ ሲግናል ግን አንዳንዴ ለጽሑፍ መልእክት ይበቃል። 999ን በጽሑፍ ለማግኘት አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። “ሬጂስተር” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ 999 ጽፋችሁ ላኩ፣ የሚመጣውን መመሪያ ተከተሉ። ዛሬ ቤት ተቀምጣችሁ አድርጉት።

ከሩጫ በኋላ እዚያው ቡና ማፍላት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ከእኛ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው፣ እወደዋለሁ። መልሱ ግን አይቻልም ነው። ከሰልም፣ የካምፕ ምድጃም፣ ሲጋራም አይሆንም።

ፒት ነዳጅ ነው። ሰዎች ለዘመናት ቆፍረው፣ አድርቀው ምድጃ ውስጥ አንድደውታል። በጋ ላይ የላይኛው ሽፋን ሲደርቅ አንድ ፍም ይበቃዋል። እሳቱ ከላይ የጠፋ ቢመስልም ከመሬት በታች ለቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ሊጤስ ይችላል። በ2020 ዶንካስተር አጠገብ ያለው ሃትፊልድ ረግረግ ተቃጥሎ እሳት አደጋዎችን ለብዙ ቀናት አድክሟል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ። ሦስተኛውን ዙር ቤት ስትመለሱ ታደርሱታላችሁ።

ከመንገድ ወጥቼ ብሰምጥ ምን ላድርግ?

ፊልም ላይ እንደሚታየው ሙሉ በሙሉ አይውጣችሁም። የሰው ገላ እንዲህ ባለ ጭቃ ውስጥ መንሳፈፍ ይችላል። የሚጎዳው ድንጋጤና ቅዝቃዜ ነው። እግራችሁን በኃይል ለመንቀል አትታገሉ። ወደ ኋላ ተጋደሙ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ ክብደታችሁ ይበተን። እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አንድ በአንድ አላቅቁ፣ ከዚያ በደረታችሁ ወይም በጀርባችሁ ተንፏቁና በመጣችሁበት በኩል ተመለሱ። ወደ ፊት ያለው መሬት ምን እንደሆነ አታውቁም፤ ከኋላ ያለው ግን እስካሁን ተሸክሟችኋል።

የበለጠ የሚያስፈራው ቦዮቹ ናቸው። ድሮ ለማድረቂያ የተቆፈሩ ቦዮች ዛሬ ተገድበው በውሃ ተሞልተዋል። ላያቸው በአረንጓዴ ስፋግነም ይሸፈንና ጠንካራ መሬት ይመስላሉ። በጣም ደማቅ አረንጓዴና በጣም ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው ብላችሁ አስቡ። ከወጣችሁ በኋላ እርጥብ ልብስ ለብሳችሁ አትቀመጡ፣ እየተራመዳችሁ ወደ መኪና ወይም ወደ ሰው ሂዱ። ለዚህ ነው ቦርሳ ውስጥ ቀለል ያለች የዝናብ ጃኬት የምትያዘው፣ ፀሐይ ቢሆንም።

መሬት ላይ አሮጌ ብረት ባገኝስ?

አትንኩት። ረግረጉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ መጣያ መለማመጃ ነበር። ሊቨርፑልን ለማዳን ደግሞ እዚሁ ሌሊት ሐሰተኛ እሳት ይለኮስ ነበር፤ የጀርመን አብራሪዎች ከተማው እየተቃጠለ መስሏቸው ቦምባቸውን ባዶ ሜዳ ላይ እንዲጥሉ። ብልጥ ዘዴ ነው። ያገኛችሁትን ቦታ መዝግባችሁ ለፖሊስ ደውሉ።

ፒት ነገር ያቆያል። አሲድ ያለውና አየር የማይደርስበት ስለሆነ ቶሎ አያበሰብስም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒት ቆፋሪዎች እዚህ የሦስት ጥንታዊ ሰዎች አስከሬን አግኝተዋል። ይህን ሌሊት ለሚሮጥ ሰው አንነግረውም።

ዛፍ ቆርጠው፣ መሬት በውሃ አጥለቅልቀው “ጥበቃ” ይሉታል። ይህ ምን የሚሉት ነው?

አረንጓዴ አሻራ ብሎ ችግኝ ተክሎ ለመጣ ሰው ግር ማለቱ ልክ ነው። እዚህ ጥድና በርች እየተቆረጠ ነው፣ ቦይ እየተደፈነ ነው። ግን ባሕር ዛፍ ምንጭ ሲያደርቅ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዛፍ ውሃ ይጠጣል። ይህ ረግረግ ከወንዝ ሳይሆን ከዝናብ ብቻ የሚኖር ስለሆነ የሚጠጣበትን ሁሉ አይችልም። ስፋግነም ከራሱ ክብደት እስከ 20 እጥፍ ውሃ ይይዛል፤ ጥላ ሲጋርደውና መሬቱ ሲደርቅ ግን ይሞታል።

ፒት ሲደርቅ አየር ይገባዋል፣ ለሺህ ዓመታት የያዘውን ካርበን መልቀቅ ይጀምራል። የዓለም ፒት መሬት ከየብሱ 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ የያዘው ካርበን ግን ከዓለም ደኖች ሁሉ ይበልጣል። ዊክሶልን ለረጅም ጊዜ ቦይ ቆፍረው አደረቁት። መጨረሻ ላይ ፒቱን ለአትክልት አፈርነት በማሽን ያወጡት ነበር። ያ በ1990 ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ውሃውን መመለስ ነው። በ2016 የተጀመረው ቦግላይፍ የተባለው ፕሮጀክትም የረግረጉን ጠርዝ ጭምር እያገገመ እንዲመጣ አድርጓል። ድራጎንፍላይ የሚባለው በራሪ ነፍሳት ፊቱ ነጭ የሆነ ብርቅ ዓይነት ዛሬ እዚህ የሚኖረው ያ ውሃ ስላለ ነው።

ስለዚህ “ዘንድሮ መንገዱ ካምና ይልቅ ረጥቧል” ብላችሁ ስትማረሩ፣ የጥበቃ ሠራተኞቹ በደስታ ነው የሚሰሟችሁ።

ለማኅበራችን እዚህ ውድድር ወይም የጋራ ሩጫ ማዘጋጀት እንችላለን?

አምስት ስድስት ጓደኛ ሆኖ መምጣት ምንም የለውም። ቁጥር፣ ማስታወቂያ፣ የመነሻ መስመር ያለው ነገር ከሆነ ግን አስቀድሞ ከአስተዳዳሪዎቹ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። መንገዱ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች ጠይቁ፣ የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። የካናሉ ዳር ደግሞ ሌላ ባለቤት አለው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለትልቅ ውድድር ቦታው አይመችም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ለማለፍ ሲባል ሰው ከመንገድ ይወጣል። የጭቃ ውድድር ናፍቋችሁ ከሆነ በክረምት በየመናፈሻው የሚካሄዱ የአገር አቋራጭ ሊጎች አሉ። ጌጤ ዋሚ በ1999 ቤልፋስት ላይ በዚያ ሁሉ ጭቃ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በእንዲህ ያለ መናፈሻ ነው፣ በጥብቅ ሥፍራ አይደለም።

ሩጫችን ራሱ ረግረጉን አይጎዳውም?

ሊጎዳው ይችላል። ሯጭ ከተራማጅ ይልቅ መሬቱን በኃይል ይመታል፣ ማዞሪያ ላይም ይቦጫጭራል። ይህን ሰምቶ “እንግዲያው መከልከል አለበት” የሚል አለ። እኔ አልስማማም። ሰው የማያውቀውን ቦታ አይቆምለትም፤ ይህ ረግረግ ደግሞ ከ1990 በፊት የተጎዳው ማንም ዞር ብሎ ስላላየው ጭምር ነው።

ግን ለመሮጥ መብት አለኝ ማለት በማንኛውም ቀን በማንኛውም መንገድ ማለት አይደለም። በቡድን ከሆናችሁ በአንድ ረድፍ ሩጡ። ሳምንቱን ሙሉ ከዘነበ ለስላሳዎቹን መንገዶች ተዉና የድሮውን ባቡር መደብ ወይም የካናሉን ዳር ያዙ፤ እነዚያ ይችሉታል። ጫማችሁን ከመምጣታችሁ በፊት እጠቡ፣ ከሌላ ቦታ የተጣበቀ ዘር እዚህ እንዳይራገፍ። ከሄዳችሁ በኋላም እጠቡት፤ ፒት ከደረቀ ካልሲ ላይ አይለቅም።